የወፍ ዘይት ጠርሙሶች

ኤፕሪል 6 ቀን 2020
ሌዲ ባረን፣ ፍሊንደርስ ደሴት

ዘንድሮ ጀልባ ወፍ ለመያዝ ወደ ወፎቹ ደሴት አይሻገርም።

ለወንድሜ ልጅ ለግሌን። ይህ ወረቀት በጤናህ ያግኝህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የዘጉት በበሽታው ምክንያት ነው። ወፍ ስንይዝ የምናድርባቸው ቆርቆሮ ቤቶች ጠባብ ናቸው፣ ሰው ተደራርቦ ነው የሚያድረው፣ አንዱ ካሳለ ሁሉም ያስላል ተባለ። ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ግን እኔን አልጠቀመኝም። ትናንት ወደ መሳፈሪያው ወርጄ ቆሜ ነበር። ደሴቷ እዚያው ናት፤ ከአንድም ቤት ጭስ አይወጣም። ጫጩቶቹ ጉድጓዳቸው ውስጥ ሰብተው ሰብተው፣ የሰው እጅ ሳይነካቸው በሜይ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይበራሉ። እናቴ እኔን አርግዛ እንኳ እዚያ ቁጭ ብላ ወፍ ስትነጭ ነበር።

ቤቨን ጀልባውን እያጠበ አየኝና፣ "ቨርና፣ ግቢ ቤትሽ፣ ብርድ ይይዝሻል" አለኝ።

"የሚይዘኝ ነገር ካለ ተራውን ይጠብቅ፣ ከፊቱ ሌሎች አሉ" አልኩት።

በስልክ የነገርከኝን ጆሮዬ ግማሹን ነው የያዘው፤ ለዚህ ነው የምጽፍልህ። መድኃኒትህን በየቀኑ ፋርማሲ ሄዶ ፊታቸው ቆሞ መጠጣት ቀረ ነው ያልከኝ? ይዘህ ወደ ቤት እንድትሄድ ፈቀዱልህ? እውነት ከሆነ በዚህ በሽታ ዘመን የሰማሁት ደግ ወሬ ይሄ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ከወፍ ያስቀረህ ባሕሩ አይደለም፣ ያቺ የየጠዋቷ ኩባያ ናት። አጎትህን ሌስን የቀበርን ማግስት በአውሮፕላን ስትሄድ ሰው ያለውን አልነግርህም። እኔ ግን ያን ጠዋት ላብህን አይቻለሁ፣ ለምን እንደቸኮልክ አውቃለሁ።

እውነት መሆኑን ጻፍልኝ።

አክስትህ ቨርና


ሜይ 11 ቀን 2020
ሰንሻይን፣ ሜልበርን

ለተከበሩ አክስቴ ለቨርና። ጉልበትዎን ጨምሮ እንዴት ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሥራም አልቆመም። መጋዘን በበሽታ አይዘጋም፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ዕቃ ያዛል።

የሰሙት ትክክል ነው። ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው የምሄደው። ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ለጥፈዋል፣ እየተራራቅን እንቆማለን። ፋርማሲስቷ ሊን የዕለቱን እዚያው ታጠጣኛለች፤ ማስኬን ዝቅ አደርጋለሁ፣ እጠጣለሁ፣ መዋጤን እንድታውቅ ሁለት ቃል አወራላታለሁ። ከዚያ የሳምንቱን የሱስ መድኃኒቴን፣ ሜታዶኑን፣ በስድስት ጠርሙስ አድርጋ በወረቀት ከረጢት ትሰጠኛለች። ቤት ስገባ አጎቴ ሌስ በሰጡኝ የመንጠቆ ሣጥን ውስጥ ከትቼ በጓጉንቸር እቆልፈዋለሁ። ሣጥኑ እስከ አሁን ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

መጀመሪያ ሰሞን ጎህ ሲቀድ ተነስቼ፣ ለብሼ፣ በር ላይ ደርሼ ነበር የምሄድበት እንደሌለ ትዝ የሚለኝ። ገመዱ የተፈታለት ውሻ እዚያው ግቢ ውስጥ ይዞራል አይደል፣ እንደዚያ ሆኜ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ። ቁጭ ብዬ እጠጣለሁ፣ ቀኑ የእኔ ነው።

ግን ደግሞ ወደ እናንተ የሚያስገባው ድንበር ተዘጋ። ጠርሙሱ ሳይኖረኝ መንገዱ ነበር፤ ጠርሙሱ ሲመጣ መንገዱ ሄደ።

መጋዘን ውስጥ ሩቅ መደርደሪያ ላይ ዕቃ ለመያዝ ክንዴን እስከ ብብቴ ስሰድ አንዳንዴ እጄ ጉድጓድ የገባ ይመስለዋል። "ከቀዘቀዘህ እባብ አለ፣ ከሞቀህ ወፍ አለ" ይሉኝ ነበር እርስዎ። እስከ አሁን ጣቴ ሙቀቱን ይፈልጋል።

የአጎቴ የወፍ መሸከሚያ ዘንግ ምስማሩ ላይ አለ?

ግሌን


ኦገስት 23 ቀን 2020
ሌዲ ባረን

ግሌን፣ ሰላምታዬ ይድረስህ፣ ክፉ አይንካህ።

የከተማህን ነገር በሬዲዮ እሰማለሁ። ከመሸ መውጣት ተከልክሏል አሉ። እንደ ዶሮ በጊዜ ቆጥ ላይ ያወጧችኋል ማለት ነው።

ዘንጉ ምስማሩ ላይ ነው። ማን ያወርደዋል ብለህ ነው?

እዚህ በሽታው አልገባም፤ ፍርሃቱ ግን ገብቷል። ሱቅ ውስጥ አንድ ሰው ካስነጠሰ ሱቁ ባዶ ይሆናል። ሁሉም ደረቱን የሚቀባው፣ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ የሚጠጣው የወፍ ዘይት ይፈልጋል፤ ዘንድሮ ደግሞ ወፍ አልተያዘም፣ ዘይትም አልተጨመቀም። የአምና የተረፈው እኔ ጋ ነው፣ የበርሜሉ ሲሶ ቢሆን ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲሸታቸው አፍንጫቸውን የሚይዙ ሁሉ አሁን በሬን ያንኳኳሉ። የትምህርት ቤቷ መምህርት እንኳ መጣች።

"አንቺ አይደለሽ የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል ያልሽው?" አልኳት።

"ያኔ ጤነኛ ነበርኩ" አለችኝ።

ለየቤቱ ትንሽ ትንሽ ላካፍል አስቤያለሁ። የማደርግበት የለኝም። በማሰሮ ብሰጥ እኩል አላደርስም፣ ልጆችም ይደፉታል። ክዳኑ የሚጠብቅ ትንንሽ ጠርሙስ ከየትም ፈልገህ ላክልኝ። አዲስ ገዝተህ ገንዘብህን እንዳታባክን፣ ያገለገለ ይበቃኛል።

ቨርና


ሴፕቴምበር 14 ቀን 2020
ሰንሻይን

ለተከበሩ አክስቴ፤ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።

በዚህ ከተማ ጠርሙስ የተረፈው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ከበሽታው ወዲህ ፋርማሲው ባዶውን አይቀበለንም፣ መነካካት ፈርተው ነው። አጥባችሁ አስቀምጡ አሉን። የኩሽናዬ መደርደሪያ ሞልቶ አሁን መስኮቱን ሊሸፍንብኝ ነው። ጠርሙስ መጣል ደግሞ እርስዎ ቤት አልተማርኩም።

ሃያ አራቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ልኬአለሁ። ሁለቴ አፍልቻቸዋለሁ፤ እርስዎም ወፍ እንደሚነክሩት በፈላ ውሃ ይንከሯቸው። የመለያው ወረቀት አልላቀቅ ስላለኝ ስሜን በጥቁር ቀለም አጥፍቼዋለሁ። ክዳኑ ተጭነውት ካልሆነ አይዞርም። ልጅ አይከፍተውም፣ ቤቨንም የሚከፍተው አይመስለኝም።

ጠርሙሶቹ አውሮፕላን ተሳፍረው እርስዎ ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጡ ሳስብ ቀናሁባቸው። ምን ይደረግ፣ እኔ እስክመጣ እነሱ ይምጡ።

ግሌን


ዲሴምበር 13 ቀን 2020
ሌዲ ባረን

ግሌን፣ ደስታዬን ተካፈል።

አንደኛ፣ ድንበሩ ተከፈተ። ሁለተኛ፣ ማርች መጨረሻ ላይ ጀልባው ይሻገራል፣ ቤቨን ማለልኝ። ሦስተኛ፣ ዘይቱን አዳርሻለሁ። ከኢቮን በቀር ጠርሙስ ያልገባበት ቤት የለም፤ ለእሷ አልሰጠሁም፣ አልሰጥምም። ምክንያቱን አትጠይቀኝ።

አሁን ልብ ብለህ አንብብ። አንተ አንድ ሳምንት ብትመጣ ይበቃኛል። ጠዋት ፋርማሲህ የዕለቱን ጠጣ፣ ስድስት ጠርሙስህን ያዝ፣ አውሮፕላን ላይ ውጣ፤ በሳምንቱ ተመለስ። ወፉን ልጆች ይይዙታል፣ እሱ አይደለም ያስቸገረኝ። መሬቱ ነው። የእኛ መሬት ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ የትኛው ጉድጓድ ውስጡ እንደሚታጠፍ፣ እባቦቹ በየትኛው ቁልቁለት እንደሚውሉ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሌስ ያውቅ ነበር። በወረቀት አይጻፍም፣ በእግር ነው። የእኔ ጉልበት ደግሞ ከሚቀጥለው ወቅት አያልፍም፤ ሐኪሙ አይደለም ያለኝ፣ ጉልበቱ ራሱ ነው የነገረኝ። ማንም ሳይረግጠው ከቀረ ዓመት ሳይሞላ ከጎናችን ያሉት የኢቮን ልጆች አጥራቸውን ያሰፋሉ።

በጀልባው ላይ ስምህን አስይዣለሁ። ከእኔ ኋላ ትሄዳለህ፣ እኔ በዱላ እየጠቆምኩ አንተ ክንድህን ትሰዳለህ።

የመንጠቆውን ሣጥን አምጣው፤ ከነጓጉንቸሩ።

ቨርና


ጃንዋሪ 27 ቀን 2021
ሰንሻይን

ለተከበሩ አክስቴ፤ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ።

ለደብዳቤዎ ዘግይቻለሁ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ስለ ማርች አስቤበታለሁ።

ከላክሁልዎ ጠርሙሶች ውስጥ ዘይቱ ያለቀበት ይኖር ይሆን? ካለ ጥቂቱን ቢመልሱልኝ። ለአንድ ነገር ፈልጌው ነው።

ግሌን


ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2021
ሌዲ ባረን

ግሌን፣ ሰላም ለአንተ ይሁን።

ያን የሚያህል ከተማ ውስጥ ጠርሙስ ጠፍቶ ነው ከእኔ የምትለምነው? የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ከየት ተማርክ? እኛ ቤት አይደለም።

ስለ ማርች "አስቤበታለሁ" አልከኝ። እንዲህ ያለ ቃል አንተ ጽፈህልኝ አታውቅም። የልጅነትህን ፊት አስታወስከኝ፤ የጨው በርሜሉን ገልብጠህ፣ በር ላይ ቆመህ፣ ወፍ ስንት ተያዘ ብለህ የጠየቅከኝን ቀን።

ምንድነው የደፋኸው? ንገረኝ። ጆሮዬ ነው እንጂ የደከመው ዓይኔ ማንበብ ይችላል።

ቨርና


ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2021
ሰንሻይን

ለተከበሩ አክስቴ፤ ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃንዋሪ ላይ ባዶ ጠርሙሶቻችሁን መልሱ ተባልን። በወረርሽኙ ጊዜ የተሰጣቸውን መድኃኒት መንገድ ላይ የሸጡ ሰዎች ተገኝተዋል፤ ስለዚህ የተሰጠውና የተመለሰው እኩል መሆን አለበት። እኔ መደርደሪያዬን አራግፌ በሁለት ከረጢት ይዤ ሄድኩ። ሊን ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች።

"ሃያ አራት ይጎድላል ግሌን። የት ናቸው?"

"አክስቴ ጋ። ደሴት ላይ ነው የምትኖረው። የወፍ ዘይት ሞልታባቸዋለች።"

ብዕሯን አስቀመጠች። "የምን ዘይት?"

"የወፍ። ለሳል።"

ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ሳቀ። "ወንድሜ፣ እኔ እንኳ ሰክሬ ከዚህ የተሻለ እዋሻለሁ" አለኝ።

ሊን አልሳቀችም። "እኔ አምንሃለሁ" አለችኝ። "ለሐኪሙ ግን ምን ብዬ ልጻፍለት?"

ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደለም። ጠርሙሶቹን በዓይኔ ካየሁ ስድስቱን እመልስልሃለሁ አለኝ። ማርች 15 ሰኞ ቀጥሮኛል። እስከዚያ እንደ ድሮው በየቀኑ ነኝ፤ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ፣ ለብሼ፣ እወጣለሁ። አሁን የምሄድበት አለኝ። ደግሞ የስድስቱ ነገር በሽታው ሲያልፍ ለሁላችንም ይቀራል የሚል ወሬ አለ። ዘንድሮ ካልመጣሁ ለከርሞ ምን እንደሚሉ አላውቅም።

አስቀምጡ እንጂ ለሰው ስጡ አላሉንም። እኔ ነኝ። ጠርሙስ አይደለ፣ ምን ችግር አለው ብዬ ያጠፋሁት።

የሰጡትን መልሰው ለመለመን ሰው በር ላይ እንዲቆሙብኝ አልፈልግም። በጀልባው ያስያዙልኝን ቦታ ለሌላ ሰው ይስጡ።

ባለፈው ሳምንት ሌሊቱን ነፋስ ነበር። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ነቃሁና እዚያ ያለሁ መሰለኝ። ዓይኔን ቶሎ አልገለጥኩም።

ግሌን


ማርች 10 ቀን 2021
ሌዲ ባረን

ግሌን፣ ይህን ስጽፍልህ እግሬ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነው፣ ወዲያው ግን አወጣዋለሁ።

ደብዳቤህ ባለፈው ሐሙስ ገባልኝ። በጀልባው ያለህን ቦታ ለማንም አልሰጠሁም። ከዓርብ ጀምሮ ስዞር ነው የሰነበትኩት። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም። በር አንኳኳለሁ፣ "ጠርሙሴን" እላለሁ፣ አበቃ።

አብዛኛው ሰው ዘይቱን ጨርሶታል። ያልጨረሰው በሻይ ማንቆርቆሪያም በምንም ገለበጠው። መምህርቷ አበባ ሰክታበት መስኮት ላይ አስቀምጣዋለች።

"እንዴ፣ ቨርና፣ ስጦታ መስሎኝ ነበር" አለችኝ።

"ስጦታው ዘይቱ ነው። አበባሽን ያዢው።"

"ለምንድነው ግን?"

"ለጠርሙስነቱ።"

ኢዳን ታስታውሳታለህ፣ የአንገት ጌጥ የምትሠራዋን። ለአንድ ጌጥ የሚሆን ዛጎል፣ ከጥፍር የማይበልጥ፣ ክረምቱን ሙሉ ከባሕር ዳር ለቅማ ጠርሙሱ ውስጥ አጠራቅማዋለች። ገልብጠሽ ስጪኝ ብላት ተቆጣች። አንድ በአንድ እያወጣች በመጠን በመጠኑ ጨርቅ ላይ ደረደረችው፤ እኔም ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ጠርሙሱን ዓይኗ አጠገብ አድርጋ ጥቁር ቀለም የተቀባውን ወረቀት አየችው። አንብባ ይሁን አላነበበች አላውቅም። "የግሌን ነው?" አለችኝ። እጄን ዘረጋሁላት። በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችና ሰጠችኝ።

ትናንት ማታ ሃያ ሦስት ነበረኝ። የቀረው የቤቨን ነው፣ ወደ መሳፈሪያው ወረድኩ።

"የእኔማ የለም" አለኝ።

"የት ሄደ?"

"ለኢቮን ሰጠኋት። ስታስል ነበር።"

"የእኔን ዘይት? ለኢቮን?"

"ዘይት ነው እንጂ መርዝ አይደለም ቨርና። ሴትዮዋ ታስላለች አልኩሽ።"

"ታዲያ ተሻላት?"

"በደንብ።"

"ይኼው ነው የቀረኝ" አልኩት። "ኢቮንን ማዳን።"

ሳቀብኝ። እኔም መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ቤት ስገባ ግን አልሳቅሁም።

ከኢቮን ጋር ለምን እንደማልነጋገር ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ የመሬት ጠብ ይመስልሃል። መሬቱ አይደለም። ሌስን የቀበርን ማግስት አንተ ስትሄድ፣ እዚሁ ኩሽናዬ ውስጥ ሳህን እያጠበች፣ ሰው እየሰማ፣ "ሱሰኛው የአጎቱን ለቅሶ እንኳ ተቀምጦ መጨረስ አቃተው" አለች። ያጠበችውን ሳህን ከእጇ ወስጄ በሩን አሳየኋት። አራት ዓመት ሆነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባሕሩን ነው የማየው።

ሌሎቹ "ለምን" ሲሉኝ ዘልዬ አልፌአለሁ። ኢቮን አታሳልፈኝም። ምክንያቱን ሳትሰማ ከእጇ የሚወጣ ነገር የለም፣ አውቃታለሁ፣ አብረን ነው ያደግነው። ስለዚህ እነግራታለሁ። ግሌን ሰው እንጂ ሌላ እንዳልሆነ፣ ያን ቀን በአውሮፕላን ባይሄድ ለቅሶው ላይ ይወድቅ እንደነበረ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያጓድል ጠዋት ተነስቶ መድኃኒቱን እንደጠጣ እነግራታለሁ። እሷ ለአንድ ሳል ሁለት ሳምንት በተከታታይ ዘይት መጠጣቷን እጠራጠራለሁ። ይህን ግን አልላትም፤ ጠርሙሱን እፈልገዋለሁ።

ቅር ቢልህ ኋላ ትቆጣኛለህ። እዚህ መጥተህ፣ ፊቴ ቆመህ ተቆጣኝ።

የሌስን ዘንግ ዛሬ ጠዋት አወረድኩት። ደርቋል፣ ግን አልተሰነጠቀም። ዘይት ቀብቼ ምድጃው አጠገብ አቁሜዋለሁ። ለአንተ ቁመት ትንሽ ያጥራል መሰለኝ፤ ትከሻህ ላይ አድርገህ እናየዋለን።

የምልክልህ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ነው። ሃያ ሦስቱ በጋዜጣ ተጠቅልለው ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ የአንድ ጠርሙስ ቦታ ክፍት ነው። የፖስታው አውሮፕላን ነገ ጠዋት ነው የሚነሳው፤ ከሐሙስ ካለፈ ለሰኞ አይደርስልህም።

እግሬን አድርቄ ጎማ ጫማዬን አጥልቄአለሁ። ለዘይቷ ምትክ የራሴን ድርሻ በማሰሮ ሞልቼላታለሁ፣ የመጨረሻው ነው። ቤቷ ከዚህ ይታያል፤ ልብስ ልታሰጣ ወጥታለች፣ ልብሱን ጨርሳ ሳትገባ ልድረስባት።

ብዕሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ ማሰሮው በሁለት እጅ ነው የሚያዘው።